ክፍሉ ሁሉ የሚያየው ልጅ

ስለ ልጆችና ስለ ሱስ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው አንድ ዓይነት ልጅ ነው፤ ቤተሰቡ የተበተነበት፣ በትምህርቱ የደከመ፣ ጓደኛ ያጣ፣ ጥግ ይዞ ብቻውን የሚቀመጥ። እንዲህ ያለ ልጅ አለ፤ እርዳታም ይገባዋል። ነገር ግን ከአራት ኪሎ ብዙም በማይርቅ ትምህርት ቤት ለዓመታት የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ስም ጠሪ መምህርት ሆኜ ስሠራ የታዘብኩት ሌላ ነው። በ13 እና በ14 ዓመቱ ሲጋራን፣ ቢራን ወይም ጫትን ከእኩዮቹ ቀድሞ የሚቀምሰው ብዙ ጊዜ የተገፋው ልጅ አይደለም፤ ክፍሉ ሁሉ የሚያየው፣ ሲናገር የሚደመጥ፣ በእረፍት ሰዓት ሌሎቹ የሚከቡት ልጅ ነው። እኛ አዋቂዎች የምንከታተለው የተገፋውን ስለሆነ ይኼኛው ፊት ለፊታችን ሆኖ ያመልጠናል።

ይህን የምጽፈው ወላጆችንና የሥራ ባልደረቦቼን ለመውቀስ አይደለም። ነገሩ የሚያመልጠን በቂ ምክንያት ስላለው ነው። በሰው ዘንድ ተፈላጊ የሆነ ልጅ ደህና ልጅ ይመስላል። ሰላምታ ያውቃል፣ ከትልልቆች ጋር ማውራት አይቸግረውም፣ የትምህርት ቤት በዓል ሲኖር መድረክ ላይ የሚወጣው እሱ ነው። አንዲት እናት ልጃቸው ከትምህርት ቤት እየፎረፈ የት እንደሚውል ስነግራቸው ከልባቸው ተገርመው፣ «መምህርት፣ የእኔን ልጅ እኮ ሰው ሁሉ ይወደዋል፤ ማን ያሳስተዋል ብለው ነው?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር። ያን ልጅ ያሳሳተው ሰው የለም። ሌሎቹ ከእሱ የሚጠብቁት ነገር ነበር፣ እሱም የሚጠበቅበትን ማድረግ ያውቅበታል።

በዚህ ዕድሜ ላይ መወደድና መታየት መለያየት ይጀምራሉ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ለልጆች ወረቀት እየሰጡ፣ በአንድ በኩል «ከማን ጋር መሆን በጣም ደስ ይልሃል?»፣ በሌላ በኩል «በክፍላችሁ ታዋቂው ማን ነው?» ብለው ሲጠይቁ፣ በታችኛው ክፍል ያሉ ልጆች ለሁለቱም ጥያቄ ብዙ ጊዜ ተቀራራቢ ስሞችን ይጽፋሉ። ከፍ እያሉ ሲሄዱ ግን ስሞቹ ይለያያሉ። ደግ፣ ታማኝና አጋዥ የሆነው ልጅ ይወደዳል፤ ታዋቂው ግን የግድ እሱ አይሆንም። ታዋቂው ደንብ የሚደፍር፣ ትልቅ የሚመስል፣ ሌላው ላይ ሙድ መያዝ የሚችል፣ በእኛ ከተማ ቋንቋ አራዳ የሚባለው ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ተወዳጅነት ልጅን ከብዙ ነገር ይጠብቃል፤ ሁለተኛው ግን በየዕለቱ መታደስ ያለበት ሹመት ነው። ትናንት መምህር ፊት በድፍረት መልስ በመስጠት ያገኘውን ቦታ ዛሬ በሌላ ነገር ካላጸናው ይወሰድበታል፤ በ14 ዓመት ልጅ እጅ ካሉት የድፍረት ማሳያዎች መካከል ደግሞ እንደ ሲጋራ ርካሽና ከሩቅ የሚታይ ነገር ጥቂት ነው።

ከመምህራን ማረፊያ ክፍላችን ከሁለተኛ ፎቅ መስኮት ወደ ውጭ ሲታይ፣ ከግቢው አጥር ማዶ ቤቶቹ የፈረሱበት በቆርቆሮ የታጠረ ባዶ ቦታ አለ። ትምህርት ካለቀ በኋላ ጥቂት ተማሪዎች እዚያ ይቆማሉ፤ የዩኒፎርም ሹራባቸውን አውልቀው ወገባቸው ላይ ያስሩታል፣ አንዳንዱ በቦርሳው የያዘውን ቲሸርት ይደርባል። አንድ ፍሬ ሲጋራ ለአራት ነው። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ሲጋራው ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድበት ቅደም ተከተል ነው። የሚለኩሰው ሁልጊዜ ያው አንድ ልጅ ነው። ጥቂት ስቦ ወሬውን ሳያቋርጥ፣ እጁን ብቻ ዘርግቶ ለሚቀጥለው ይሰጣል፤ የሚቀጥለው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። መጨረሻ ላይ የሚደርሰው በቁመትም በዕድሜም የሚያንሰው፣ ከሁሉም አብልጦ የሚያስለው ልጅ ነው፤ እሱ ጋ ሲደርስ ሲጋራው ጣት ሊያቃጥል ምንም አልቀረውም። ገንዘቡን ያወጣው ግን እሱ ነው፣ ለታክሲ ከተሰጠው ላይ ቀንሶ፤ ወደ ቤቱ የሚሄደው በእግሩ ነው። የፈለገው ሲጋራውን ቢሆን ኖሮ ብቻውን ገዝቶ ብቻውን ባጨሰ ነበር። በዚያ ገንዘብ የገዛው በአራቱ መካከል የሚቆምበትን ቦታ ነው።

ይህን ልጅ ለብቻው ጠርቼ አነጋገርኩት። ጎጂነቱን ልነግረው አልሞከርኩም፤ የሳይንስ መጽሐፉ ላይ ያለውን ከእኔ እኩል ያውቀዋል። ለምን እዚያ እንደሚቆም ብቻ ጠየቅሁት። ትንሽ ዝም ብሎ፣ «ቲቸር፣ ይጣፍጣል አላልኩም። ግን እዚያ ካልቆምኩ በማግስቱ ክፍል ውስጥ የሚያወሩት ነገር አይገባኝም፤ ሲስቁ በምን እንደሚስቁ አላውቅም» አለኝ። ስለ ወጣቶችና ስለ ሱስ ካነበብኳቸው ብዙ ገጾች ይልቅ ይህ መልስ ነገሩን በትክክል ይገልጸዋል ብዬ አምናለሁ።

ሰውነታቸውም በዚህ ዕድሜ ያግዛቸዋል ማለት አይቻልም። በጉርምስና መባቻ ላይ ሽልማትንና ደስታን የሚያስተናግደው የአንጎል ክፍል እጅግ ንቁ ይሆናል፤ ስሜትን የሚገታውና መዘዝን የሚያመዛዝነው የፊተኛው ክፍል ግን እስከ 20ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ድረስ እየበሰለ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2005 ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች 306 ሰዎችን በዕድሜ ለሦስት ከፍለው በኮምፒውተር የመኪና ጨዋታ አጫወቷቸው፤ ጨዋታው የትራፊክ መብራቱ ቢጫ ሆኖ ሳለ ምን ያህል ርቀት ለመሄድ እንደሚደፍሩ የሚለካ ነው። ከ13 እስከ 16 ዓመት ያሉት እኩዮቻቸው አጠገባቸው ሆነው ሲጫወቱ፣ ለብቻቸው ከተጫወቱት ይልቅ እጅግ አብዝተው ራሳቸውን ለአደጋ አጋለጡ። ከ24 ዓመት በላይ የሆኑት ላይ የጓደኛ መኖር እንዲህ ያለ ለውጥ አላመጣም። እንግዲህ አንድ ልጅ በቢሮዬ ውስጥ ለብቻው ተቀምጦ «አልደግመውም» ሲለኝ እየዋሸኝ አይደለም። በዚያ ሰዓት ከልቡ ነው። ከቆርቆሮው አጥር ጀርባ ሲቆም ግን የሚመዝንበት ሚዛን ራሱ ይለወጣል።

በዚህ መንገድ የተገኘው ዝና ብዙም አይቆይም። በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ጆሴፍ አለንና ባልደረቦቹ 184 ልጆችን ከ13 ዓመታቸው ጀምረው ለአሥር ዓመት ያህል ተከታትለው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2014 አሳትመዋል። በ13 ዓመታቸው ትልቅ ለመምሰል የቸኮሉት፣ ማለትም ቀድመው የፍቅር ጓደኛ የያዙት፣ ጓደኛን በመልክ የመረጡትና ጥቃቅን ደንብ መተላለፍን እንደ ጀግንነት ያዩት በእኩዮቻቸው ዘንድ ታዋቂዎች ነበሩ። ዕድሜያቸው ከፍ ሲል ግን ያ ዝና ከዳቸው፤ በ20ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከሌሎቹ ይልቅ በአልኮልና በአደንዛዥ ዕፅ የሚቸገሩት፣ የቅርብ ወዳጅነትን ለማቆየት የሚቸግራቸውም እነሱ ሆኑ። እኔም በዚሁ ከተማ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼን በስድስት ኪሎም በካዛንቺስም ሳገኝ የማየው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። በ8ኛ ክፍል ሁሉም ይከተለው የነበረው ልጅ አሁን ማንም እየተከተለው አይደለም፤ ልማዱ ግን አብሮት አለ።

የሚጀመርበት ዕድሜ ለምን ይህን ያህል እንደሚያሳስበኝም ልናገር። አሁንም በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ሰፊ ጥናት እንዳሳየው፣ ከ15 ዓመታቸው በፊት አልኮል መጠጣት ከጀመሩት መካከል ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት በሕይወታቸው አንድ ወቅት የአልኮል ጥገኛ ሆነዋል፤ በ20 ዓመታቸው ወይም ከዚያ በኋላ ከጀመሩት ግን 10 በመቶ ያህሉ ናቸው። እርግጥ ቀድሞ የሚጀምር ልጅ ቀድሞም ሌላ ችግር ሊኖርበት ስለሚችል፣ ልዩነቱን ሁሉ በዕድሜ ላይ መጫን ትክክል አይሆንም። ያም ሆኖ ከ13 ወደ 17 ዓመት የሚገፋ አንድ መዘግየት ቀላል ነገር አይደለም። ለወላጆች «ጨርሶ አይነካም ብላችሁ ለማስማል አትድከሙ፤ ጊዜውን ግፉት» የምለው ለዚህ ነው።

አንዱ ነገር ሌላውን እየጠራ መምጣቱንም ማንሳት ያስፈልጋል። ጫት ሲቃም የሚያነቃቃው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው፤ ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ ቶሎ ስለሚዳከም ነው ጫት በኮባ ተጠቅልሎ ትኩስ ትኩሱን በየዕለቱ ወደ ከተማ የሚገባው። ምርቃናው እንቅልፍ ይነሳል፤ ስለዚህ ማታ ላይ ለማብረድ ጨብሲ፣ ማለትም መጠጥ፣ ይመጣል፤ በማግስቱ ለመንቃት ደግሞ ጫት። ትልልቆቹ ይህን ዙር እንደ ደንብ ይዘውታል፤ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ከ11ኛ ክፍል ጎረምሳ ጋር በርጫ ሲቀመጥ አንድ ነገር ሳይሆን ሦስት ነገር፣ ጫትም ሲጋራም መጠጥም፣ በአንድ ጊዜ ይማራል። ጎረምሳው ደግሞ ያገኘውን ሁሉ አይጋብዝም። የሚጋብዘው አራዳውን፣ ወሬ የሚያውቀውን፣ ከዕድሜው በላይ የሚመስለውን ነው።

ስለ ሴት ልጆች ብዙ አልጽፍም፤ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ ወንዱን ልጅ ስም የሚያወጣለት ነገር የሴቷን ስም ያጠፋል። ስለዚህ የእሷ የሚደረገው ከቆርቆሮ አጥር ጀርባ ሳይሆን በር በተዘጋበት ቤት፣ በሺሻና በቬፕ (በኤሌክትሮኒክ ሲጋራ)፣ ብዙ ጊዜም በዕድሜ ከሚበልጧት ወንዶች መካከል ነው። ስላልታየ የለም ማለት አይደለም፤ አደጋውም በዚያው ልክ የከፋ ነው።

ሕጉ አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ሲጋራም ሆነ አልኮል መሸጥን ከልክሏል፤ የቢራ ማስታወቂያም ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ የጠፋው በእሱ ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ዛሬ በእጄ ያሉት ተማሪዎች በየዜናው መሐል የቢራ ዘፈን እየሰሙ አላደጉም። ሱቁ ላይ ግን ሕጉ የሚጋፈጠው ከሻጩ ጋር ብቻ ሳይሆን ከአኗኗራችን ጋር ነው። ልጅን መላክ ልማዳችን ነው። «ሂድ ሲጋራ ግዛልኝ» ያልተባለ የሰፈር ልጅ ማን ነው? ባለሱቁ የ12 ዓመት ልጅ አንድ ፍሬ ሲጋራ ሲጠይቀው ለጋሼ እከሌ ነው ብሎ ይሰጠዋል፤ ብዙ ጊዜም እውነቱን ነው። መንገድ ላይ ያለው ሱቅ በደረቴ ደግሞ ራሱ ልጅ ነው፤ ማስቲካና ሶፍት ከሲጋራ ጋር በአንድ ካርቶን ይዞ የዕለት እንጀራውን የሚፈልግ የ15 ዓመት ልጅ፣ የ14 ዓመቱን ገዢ መታወቂያ አሳየኝ ሊለው አይችልም። ስለዚህ ለወላጆች የማቀርበው የመጀመሪያ ልመና ትንሽ ነው፤ ልጆቻችሁን ሲጋራና ቢራ ግዙ ብላችሁ አትላኩ። ይህን የሰፈሩ ሁሉ ካቆመ፣ ባለሱቁ ሲጋራ የሚጠይቀው ልጅ ለራሱ እንደሚገዛ ያውቃል፤ ቢሸጥለትም እያወቀ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚሠራው ግን «ሁሉም ያደርገዋል» የሚለው እምነት ይመስለኛል። አንድ ጊዜ በክፍሌ ስም የማይጻፍበት ወረቀት አደልኩ፤ ሁለት ጥያቄ ብቻ ነበረው። ከክፍላችሁ ስንቱ ሲጋራ፣ መጠጥ ወይም ጫት የሞከረ ይመስላችኋል? አንተስ ወይም አንቺስ? ለመጀመሪያው ብዙዎቹ ግማሽ ክፍሉን፣ አንዳንዶቹም ከዚያ በላይ ጻፉ። ለሁለተኛው «አዎ» ያሉት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ልጆች በወረቀት ላይ እንኳ እንደሚደብቁ አውቃለሁ፤ ልዩነቱ ግን በድብቅ ብቻ የሚመጣ አልነበረም። ውጤቱን ስነግራቸው ክፍሉ መጀመሪያ አላመነኝም፤ ወረቀቶቹን ደግሜ እንድቆጥር ጠየቁኝ፣ ቆጠርኩ። ዲቦራ ፕሬንቲስና ዴል ሚለር እ.ኤ.አ. በ1993 በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ባደረጉት ጥናት ያገኙትም ይህንኑ የሚመስል ነው፤ አብዛኛው ተማሪ በግቢው ያለው የመጠጥ ልማድ በግሉ አይመቸውም፣ ሌሎቹን ግን ተመችቷቸዋል ብሎ ያምናል፤ ሁሉም እንዲህ ስለሚያስብ ማንም አይናገርም። በአገራችንም በ2016 እ.ኤ.አ. የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት መካከል ጫት ቅመው የሚያውቁት ወንዶች 27 በመቶ፣ ሴቶች 12 በመቶ እንደሆኑ፣ ሲጋራ የሚያጨሱት ወንዶችም 4 በመቶ ገደማ መሆናቸውን ያሳያል። ለተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ብዙዎቹ ቁጥሩ የተገለበጠ መስሏቸው ነበር። ልጆቹ ብዙኃኑ ያለው በአጥሩ ማዶ እንደሆነ ያምናሉ፤ ብዙኃኑ ግን ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ዝም ብሏል።

የሰፈሩም መለወጥ ይህን ዝምታ ጨምሮታል። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ነባር መንደሮች ሲፈርሱ ተማሪዎቻችንም ተበተኑ። አንዳንዶቹ በከተማው ዳር ወዳለው ገላን ጉራ ተዛውረው እንኳ ትምህርት ቤታቸውን መተው ስላልፈለጉ ጠዋትና ማታ ረጅም መንገድ ይመላለሳሉ። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ አምሯል፤ አዲስ መኖሪያ ያገኙ ቤተሰቦችም ውኃና መጸዳጃ በቤታቸው ውስጥ አላቸው፣ ይህንን አልክድም። ነገር ግን ቀድሞ አንድ ልጅ ሲጋራ ይዞ ቢታይ ከመንገዱ ዳር «አንተ! ለእናትህ ልንገራት?» የሚሉ እትዬዎች ነበሩ፤ ቤቱ ሳይደርስ ወሬው ቀድሞት ይደርስ ነበር። አሁን ከትምህርት ቤቱ ደጅ እስከ አውቶቡሱ ድረስ ስሙን የሚያውቅ አንድ አዋቂ የለም። አይስላንዳውያን በዚህ ረገድ ያደረጉት ያስቀናኛል። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ1998 ከ15 እና ከ16 ዓመት ልጆች 42 በመቶው ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ሰክረው እንደነበር ተናግረው ነበር፤ በ2016 ይህ ቁጥር 5 በመቶ ደረሰ። የልጆችን የስፖርትና የሙዚቃ ክፍያ ከመንግሥት ገንዘብ ደገፉ፤ ወላጆችም ተራ ገብተው ማታ ማታ በየሰፈሩ እየተዘዋወሩ ልጆቹን ወደ ቤት ሸኙ። የሀብታቸው ነገር ከእኛ ጋር አይወዳደርም፤ በተራ መዞሩ ግን ገንዘብ አይጠይቅም፣ ለእኛም አዲስ ነገር አይደለም።

በትምህርት ቤታችን የፀረ ሱስ ክበብ አለ። አባላቱን የምንመርጠው እኛ መምህራን ነን፤ የምንመርጠውም ጨዋዎቹን፣ ጽሑፋቸው የሚነበበውን፣ የፊት ወንበር የሚቀመጡትን ነው። እነሱም በሚኒ ሚዲያው ስለ ሱስ አስከፊነት ግጥም ያነባሉ፤ ግጥሙ ጥሩ ነው፣ ልጆቹም ደከሙበት፤ የኋለኛው ሰልፍ ግን አያዳምጥም፤ የኋለኛው ሰልፍ የሚያዳምጠው ሌላ ሰው ነው። በእንግሊዝና በዌልስ በ59 ትምህርት ቤቶች፣ 12 እና 13 ዓመት በሆናቸው ከ10 ሺህ በላይ ተማሪዎች ላይ የተሞከረና እ.ኤ.አ. በ2008 ውጤቱ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ሥራ ይህን ከሥሩ ይለውጣል። እዚያ ተሰሚዎቹን ልጆች የመረጡት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው፣ በወረቀት። የተመረጡት ከትምህርት ቤት ውጭ ሥልጠና ተሰጣቸው፤ መድረክ ላይ ወጥተው እንዲሰብኩ ግን አልተጠየቁም፤ በእረፍት ሰዓት፣ በምሳ ላይ፣ በመንገድ ላይ ከጓደኞቻቸው ጋር እንደ ወትሮው እንዲያወሩ እንጂ። በሁለት ዓመት ክትትል ውስጥ ይህ በተሠራባቸው ትምህርት ቤቶች የሚያጨሱት ልጆች ካልተሠራባቸው ያነሱ ሆነው ተገኙ።

ይህንኑ በእኛ ዘንድ እንሞክር ብዬ ለባልደረቦቼ ሳቀርብ ወረቀቱን ለማደል ማንም አልተቃወመም። ክርክሩ የተነሳው ስሞቹ ሲቆጠሩ ነው። ከላይ ከወጡት ስሞች መካከል ሲጋራውን ሁልጊዜ የሚለኩሰው ልጅ አንዱ ነበር። አንድ አንጋፋ መምህር፣ የማከብራቸው ሰው፣ «ጥፋተኛን ልንሸልም ነው?» ብለው ጠየቁ፤ ጥያቄያቸው መናቅ የለበትም፣ ሌሎቹ ተማሪዎች ምን ይላሉ የሚለው እኔንም ያሳስበኛል። የእኔ መልስ ግን እሱን የመረጥነው እኛ አይደለንም የሚል ነው። ከእሱ ስም ይልቅ የእኛን ጨዋ ተማሪ ስም ብንጽፍ፣ ትምህርት ካለቀ በኋላ ሌሎቹ የሚከቡት ያንኑ ሲጋራ የሚለኩሰውን ልጅ ነው። ከእሱ ጋር የምንነጋገረው በኃላፊነት ከሆነ፣ ቢያንስ ቦታውን ለማጽናት ሲጋራ የማያስፈልገው አንድ ምክንያት ይኖረዋል። ክርክሩ አላለቀም፤ በሚቀጥለው የመምህራን ስብሰባ እንዲነሳ ተይዟል። እስከዚያው ድረስ ከልጁ እናት ጋር ተነጋግሬአለሁ፤ እሳቸውም ከሥራ ቀደም ብለው በሚወጡባቸው ቀናት ከሌሎች ሁለት ወላጆች ጋር ተራ ገብተው ከትምህርት ቤቱ ደጅ እስከ አውቶቡስ መያዣው ድረስ ለመቆም ተስማምተዋል።